በሲ ፕሮግራም ለትንንሽ ዕቃዎች ሜሞሪ መስጠት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና የምጠጣበት ቤት ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ከኮምቦልቻ ዳገቱን ወጥተው የሚመጡም አሉባቸው። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይማራሉ። ፖይንተር፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ፣ ገብቷቸዋል፤ ሜሞሪ የሚጠየቅበትን ማሎክና የሚመለስበትን ፍሪም ያውቃሉ። ከዚያ አንድ ቀን ሚሊዮን ትንንሽ ነገር የሚፈጥር ፕሮግራም ይጽፉና ላፕቶፑ ማቃሰት ይጀምራል። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው?" ይሉኛል። አንዱን መልስ በየሳምንቱ ከምደግመው ብዬ ጻፍኩት።

ዕቃ የምለው ስትራክትም (አብረው የታሰሩ መረጃዎች) ይሁን ስትሪንግ (ጽሑፍ) በማሎክ የሚወሰደውን ሁሉ ነው። ትንሽ ስል ደግሞ ከጥቂት ባይት እስከ ጥቂት መቶ ባይት ያለውን ማለቴ ነው። ቁጥሮቹ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ላለው የተለመደ ማሎክ፣ ማለትም ጂሊብሲ በሚባለው የሲ ላይብረሪ ውስጥ ላለው ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ሌላ ናቸው።

"ደሴ" የሚለውን ቃል ለማስቀመጥ 7 ባይት ጠየቅኩ። ማሎክ ለምን 32 ይወስዳል?

መጀመሪያ 7ቱ ከየት መጡ? የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ አቀማመጥ እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል። "ደ" 3፣ "ሴ" 3፣ መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው ዜሮ 1። (በነገራችን ላይ የ"ሴ" የዩኒኮድ ቁጥር በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፍ 1234 ነው። የደሴ ልጅ ሆኖ ይህን አለማወቅ ነውር ነው።)

አሁን ወደ ማሎክ። ዕቃውን ስትመልሱ ለፍሪ የምትሰጡት ፖይንተሩን ብቻ ነው። ስንት ባይት እንደነበር አትነግሩትም። ስለዚህ መጠኑን ራሱ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። የሚጽፈውም ከዕቃችሁ ፊት ባለች 8 ባይት ላይ ነው። አንድ ወጪ።

ሁለተኛ፣ በዚያ ቦታ ምን እንደምታስቀምጡ አያውቅም። ፊደል ሊሆን ይችላል፤ ትልቅ የአስርዮሽ ቁጥርም ሊሆን ይችላል። ለሁሉም እንዲበቃ አድራሻው ሁልጊዜ ለ16 የሚካፈል ይሆናል። ስለዚህ መጠኑም በ16 በ16 ነው የሚያድገው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዕቃው ሲመለስ ማሎክ ባዶውን ቦታ ራሱን መዝገብ ያደርገዋል። "ከኔ በፊት ያለው ባዶ እዚያ ነው፣ ከኔ ቀጥሎ ያለው እዚህ ነው" የሚሉ ሁለት ፖይንተሮች ውስጡ ይጽፋል። እነሱ የሚገቡበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ከ32 ባይት በታች የሆነ ቁራጭ አይቆርጥም።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። ከ1 እስከ 24 ባይት ብትጠይቁ 32 ይሄዳል። ከ25 እስከ 40 ብትጠይቁ 48። ከ41 እስከ 56 ብትጠይቁ 64። 7 ጠይቃችሁ 24 መጠቀም የሚቻልበት ቦታ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ 8ቷ የማሎክ ናት። ሰኞ ገበያ ቲማቲም የሚሸጡት እናቶች ምርቃት እንደሚጨምሩት ነው። ልዩነቱ የቲማቲሙን ምርቃት መብላት ይቻላል፤ ይሄን ግን አትንኩት። የጠየቃችሁት 7 ከሆነ 7 ነው። ነገ ሌላ ማሽን ላይ ምርቃቱ የለም።

ታዲያ ማሎክ ቀርፋፋ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይሄ ወሬ ከድሮ የተረፈ ነው። ከ2017 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ማለትም ከጂሊብሲ 2.26 ወዲህ፣ እያንዳንዱ ስሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ቲካሽ የሚባል የግል መሳቢያ አለው። እስከ 1032 ባይት ያለ ዕቃ ስትመልሱ መጀመሪያ እዚያ ይገባል፤ ስትጠይቁም መጀመሪያ ከዚያ ይወጣል። ሌላውን ስሬድ የሚያስቆም ቁልፍ የለም፣ ወረፋ የለም። ቲካሽ መጀመሪያ ሲለቀቅ በየመጠኑ 7 ዕቃ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ለአብዛኛው ፕሮግራም ግን ያችው ትበቃለች።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ማሎክ ራሱ ሳይሆን ዕቃዎቹ የሚበተኑበት ሁኔታ ነው። ፕሮሰሰሩ ከሜሞሪ የሚያመጣው በ64 ባይት ጥቅል ነው። ዕቃችሁ 13 ባይት ሆኖ 32 ላይ ከተቀመጠ ከመጣው ጥቅል ውስጥ ብዙው ባዶ ነው። በካሽ፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ትንሽ ቅርብ ሜሞሪ፣ ውስጥ ያለን ነገር ማንሳት ከጓዳ ሽንኩርት እንደማምጣት ነው። ዋናው ሜሞሪ ድረስ መሄድ ደግሞ ለአንድ ሽንኩርት ኮምቦልቻ ወርዶ እንደመምጣት። ሊንክድ ሊስት (እያንዳንዱ ዕቃ የቀጣዩን አድራሻ የያዘበት ሰንሰለት) ስትሄዱበት እያንዳንዱ እርምጃ ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ከሆነ ማሎክን መውቀስ አይገባም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለኩ። ፐርፍ የሚባለውን መሣሪያ አስነሱና ጊዜው የት እንደሚያልቅ እዩ። ማሎክና ፍሪ ከላይ ካልታዩ ይህን ጽሑፍ ዘግታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

ፑል ምንድን ነው?

ሰኞ ገበያ ላይ ሽንኩርት እንዴት እንደሚሸጥ አይታችኋል። ሻጯ ለእያንዳንዱ ገዢ ሚዛን አታነሳም። ጠዋት ጆንያውን ትዘረግፍና እኩል እኩል መደብ ትሠራለች። ገዢ ሲመጣ አንድ መደብ አንስታ ትሰጣለች፣ አለቀ። ፑል ማለት ይሄው ነው። ሁሉም መደብ አንድ መጠን ስላለው በየመደቡ ላይ "ይህ ይህን ያህል ነው" ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። ያቺ 8 ባይት ቀረች ማለት ነው።

አሠራሩን በቅርብ እንየው። ዕቃችሁ 24 ባይት የሆነ ስትራክት ነው እንበል። ከማሎክ አንድ ትልቅ ጆንያ ትወስዳላችሁ፤ 64 ኪሎ ባይት፣ ማለትም 65,536። ከፊቱ 16 ባይት ለራሳችሁ ታስቀራላችሁ፤ ቀጣዩ ጆንያ የት እንዳለ የሚጻፍባት ናት። 65,520 ይቀራል። ለ24 ሲካፈል ልክ 2730 ይሆናል፣ አንዲት ባይት ሳትተርፍ። (ይህን ሆን ብዬ አልፈለግኩትም፣ እንዲያው ገጠመ።) ያንኑ 2730 ዕቃ አንድ በአንድ ከማሎክ ብትወስዱት 87,360 ባይት ይበላ ነበር።

ባዶ መደቦቹን እንዴት ነው የምናስታውሳቸው? ባዶ ስለሆኑ ውስጣቸው መጻፍ ይቻላል። እያንዳንዱ ባዶ መደብ የመጀመሪያ 8 ባይቱ ላይ የቀጣዩን ባዶ መደብ አድራሻ ይይዛል። እናንተ ጋ አንድ ፖይንተር ብቻ አለ፤ የሰልፉ ፊት። ዕቃ ሲጠየቅ የፊቱን አንስታችሁ ትሰጣላችሁ፤ ፖይንተሩን ወደ ቀጣዩ ታዛውራላችሁ። ዕቃ ሲመለስ ደግሞ የተመለሰውን ከፊት ትሰኩታላችሁ። ሁለቱም ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ናቸው። ሰልፉ ሲያልቅ ሌላ ጆንያ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መደቡ ፖይንተር መያዝ ስላለበት ከ8 ባይት ማነስ የለበትም። አድራሻውም ለምታስቀምጡት ዓይነት የሚስማማ ይሁን። 13 ባይት ብላችሁ መደብ ከሠራችሁ ሁለተኛው መደብ ከ13 ይጀምራል፤ እዚያ ላይ ፖይንተር መጻፍ ጣጣ ነው።

አሬናስ?

አሬና ከፑልም ይቀልላል። መደብ የለም፣ የባዶዎች ሰልፍ የለም። ጆንያውን ይዛችሁ ከላይ ጀምሮ በተከታታይ ትቆርጣላችሁ። "እዚህ ደርሻለሁ" የሚል አንድ ፖይንተርና "እዚህ ያልቃል" የሚል ሌላ አንድ። ዕቃ ሲጠየቅ መጠኑን ወደ 8 ብዜት ታሳድጉና የመጀመሪያውን ፖይንተር በዚያ ልክ ትገፋላችሁ። ለማሳደግ 7 ጨምሩና የታችኞቹን 3 ቢቶች አጥፉ። 25 ሲደመር 7፣ 32፤ ቢቶቹ ጠፍተውም 32። 19 ሲደመር 7፣ 26፤ ቢቶቹ ሲጠፉ 24።

ለአንድ ዕቃ ብቻ ፍሪ የሚባል ነገር ግን የለም። ሁሉም አብሮ ይኖራል፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ልጆቹ ዘንድሮ የጻፉት አንድ ፕሮግራም ነበር። የአማርኛ ጽሑፍ ያነባል፣ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። ለየቃሉ አንድ ስትራክት አለ፤ የቃሉ ፖይንተር 8፣ ቁጥሩ 4፣ የቀጣዩ ፖይንተር 8። ኮምፓይለሩ ከቁጥሩ በኋላ 4 ባዶ ባይት ይጨምርና 24 ይሆናል። ቃሉ ራሱ ለብቻው በሌላ ማሎክ ይወሰዳል።

"ወልዲያ" የምትለዋን ቃል እንከተላት። 4 ፊደል፣ 12 ባይት፣ ከዜሮዋ ጋር 13። ስትራክቱ 24 ጠይቆ 32 ወሰደ። ቃሉ 13 ጠይቆ 32 ወሰደ። ድምር 64።

የመጀመሪያው ማሻሻያ አሬና እንኳን አይፈልግም። በ1999 በወጣው የሲ ደረጃ ላይ በስትራክቱ መጨረሻ መጠኑ ያልተገለጸ አሬይ (ተከታታይ ቦታ) ማስቀመጥ ተፈቅዷል። ቃሉን እዚያው ስትራክቱ ጭራ ላይ ጻፉት። የቃሉ ፖይንተር አያስፈልግም። ቀጣዩ 8፣ ቁጥሩ 4፣ ቃሉ 13፤ 25። ሁለት ማሎክ አንድ ሆነ። እሰይ ልትሉ ስትሉ ግን 25 ከ24 በአንድ ትበልጣለች፤ ማሎክ 48 ይወስዳል። በአንዲት ባይት ምክንያት 16 ባይት! እንደ "ደሴ" ያለ አጭር ቃል ግን 19 ስለሆነ 32 ላይ ይቀራል።

አሁን አሬና እናስገባ። 25 ወደ 32 ያድጋል፣ ሌላ ወጪ የለም። "ወልዲያ" ከ64 ወደ 48፣ ከ48 ወደ 32 ወረደች። 500,000 እንዲህ ያለ የተለያየ ቃል ቢኖር 32 ሚሊዮን ባይት የነበረው 16 ሚሊዮን ሆነ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ለማጽዳት ደግሞ ሚሊዮን ጊዜ ፍሪ ይጠራ ነበር። አሁን 245 ገደማ ጆንያ መመለስ ብቻ ነው። ልጆቹን ያስገረማቸው የሜሞሪው ሳይሆን ይሄኛው ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ለመዘጋት ያንገራግር የነበረው ቀረ።

ፑል ይሻለኛል ወይስ አሬና?

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዕቃው ስንት ባይት ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ ነው የሚሞተው?" ብዬ ነው። ዕቃዎቹ አብረው የሚሞቱ ከሆነ አሬና። አንድ ፋይል አንብቦ መጨረስ፣ አንድ ጥያቄ ተቀብሎ መመለስ፣ አንድ ገጽ ሠርቶ ማውጣት እንዲህ ያሉ ናቸው። አንዱ ዛሬ ሌላው ነገ የሚሞቱ፣ ግን አንድ ዓይነት ከሆኑ ፑል። መጠናቸውም ዕድሜያቸውም የተደበላለቀ ከሆነ ማሎክ። እሱ ለዚያ ነው የተሠራው።

ዕድሜውን ሳያውቁ አሬና የሚጠቀሙ አሉ። ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ አሬናው ቀኑን ሙሉ ያብጣል። ይህ ሜሞሪ መቆጠብ አይባልም።

ሁለቱንም ራሴ ብጽፍ ምን ይደርስብኛል?

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ላለ አንድ የእህል መጋዘን የሚዛን ፕሮግራም ጽፌ ነበር። መኪና ሲገባ ከፑል አንድ ዕቃ ይወሰዳል፤ ታርጋው፣ የጭነቱ ዓይነት፣ የገባበት ክብደት ይጻፍበታል። መኪናው ባዶውን ሲወጣ ወረቀቱ ታትሞ ዕቃው ወደ ፑሉ ይመለሳል። ወራት ያለ ችግር ሠራ።

አንድ ቀን ሚዛን ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ ይጮኻል። "እኔ ማሽላ ነው የጫንኩ! ጤፍ የሚል ከየት መጣ?" ክብደቱም የሱ አልነበረም። ከኋላው የቆመው የጤፍ መኪና ክብደት ነበር። የጤፍ መኪናው ወረቀት ላይ ደግሞ ያው ጤፉ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሚዛን ሠራተኛው "ሰርዝ" ሲጫን ዕቃው ይመለሳል። ከስረዛው በኋላ መስኮቱ ሲዘጋም እንደገና ይመለሳል። ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ። አሁን ሰልፉን አስቡት። ያ መደብ ከፊት ተሰካ። ሁለተኛ ሲመለስ ከፊት ያለው ራሱ ስለሆነ "ከኔ ቀጥሎ ያለው እኔው ነኝ" ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው የማሽላ መኪና ያንን መደብ ወሰደ። ከሱ ቀጥሎ የመጣው የጤፍ መኪናም ያንኑ። ሁለት መኪና፣ አንድ ወረቀት። ፕሮግራሙ አልተሰበረም፣ አልጮኸም፣ ምንም አላለም።

ማሎክን ብጠቀም ኖሮ ያኔውኑ ይይዘኝ ነበር። የዛሬው ጂሊብሲ አንድ ዕቃ ቲካሽ ውስጥ እያለ እንደገና ሲመለስ ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ ፕሮግራሙን እዚያው ይገድለዋል። ፑሉን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ የሚያውቅልኝ አልነበረም። የሜሞሪ ስህተት የሚፈልገው ቫልግሪንድ የሚባለው መሣሪያም አላየውም፤ ለሱ ጆንያው ሙሉ በሙሉ በሕጋዊ መንገድ የተወሰደ ሜሞሪ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ሳላደርግ ፑል አልጽፍም። አንደኛ፣ በሙከራ ጊዜ የተመለሰውን መደብ ከፖይንተሩ በኋላ ያለውን ሁሉ በአንድ ቁጥር እሞላዋለሁ፤ 221 እጠቀማለሁ። ሲመለስ አስቀድሞ በ221 የተሞላ ከሆነ ፕሮግራሙን አቆመዋለሁ። ሁለተኛ፣ አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባለው ሌላው ስህተት ፈላጊም ቫልግሪንድም "ይህ ቦታ አሁን የተከለከለ ነው" ብሎ የሚነግራቸው የተዘጋጀ ማክሮ አላቸው፤ እሱን እጨምራለሁ። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል። በአንድ የኮምፓይል ምርጫ ፑሉ ራሱ ጠፍቶ እያንዳንዱ ጥሪ በቀጥታ ወደ ማሎክና ፍሪ እንዲሄድ አደርጋለሁ። ባግ ስፈልግ በዚያ፣ ለደንበኛ ስሰጥ በፑሉ።

ፍሪ አደርጋለሁ፤ ግን ፕሮግራሙ የያዘው ሜሞሪ አይቀንስም። ለምን?

ፍሪ ለማሎክ መመለስ እንጂ ለሊኑክስ መመለስ አይደለም። ትንንሽ ዕቃዎች የሚቆረጡበት ቦታ ወደ ላይ እያደገ የሚሄድ አንድ መሬት ነው። ማሎክ ለሊኑክስ የሚመልሰው ከጫፉ በኩል ነው፤ እሱንም ጫፉ ላይ ከ128 ኪሎ ባይት በላይ ባዶ ሲጠራቀም። ገበያው ተበትኖ አንዲት ሻጭ በር ላይ መደቧን ዘርግታ ብትቀር ሜዳውን መዝጋት አይቻልም። ጫፉ ላይ አንድ 7 ባይት ያልሞተች ዕቃ ካለች እንደዚያው ነው።

ማሎክ ትሪም የሚባል ጥሪ አለ። ከመሃልም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆኑ ገጾችን ይመልሳል፤ ገጽ የምለው 4096 ባይቱን ነው። ግን በአንድ ገጽ ላይ አንድ ሕያው ዕቃ ካለች ገጹ ይቀራል። አብረው የሚሞቱትን አንድ ላይ ማስቀመጥ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው።

የስትራክቱን አባላት ቅደም ተከተል ባስተካክል ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ አንዳንዴም ምንም አይጠቅም። አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ፖይንተር፣ ቀጥሎ አንድ ፊደል ብታስቀምጡ 24 ባይት ይሆናል። ፖይንተሩን ከፊት አድርጋችሁ ሁለቱን ፊደሎች ብታስከትሉ 16። ጥሩ! ግን በማሎክ ከወሰዳችሁት 24ም 32 ነው፣ 16ም 32 ነው። የተጠቀማችሁት ነገር የለም። በፑል ወይም በአሬና ከሆነ ግን 8ቱም ባይት የእናንተው ናት። ፓሆል የሚባል መሣሪያ በስትራክቱ ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች አውጥቶ ያሳያል።

ይህ ሐሳብ የማን ነው?

ብዙ አባቶች አሉት። አብዛኛው ሰው የሚጠራው ጄፍ ቦንዊክን ነው። በ1994 ለሰን ኩባንያ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለሶላሪስ ከርነል (እምብርቱ) የሠራውን ስላብ የሚባል የሜሞሪ አሠራር ይፋ አደረገ። ከርነል አንድ ዓይነት ትንንሽ ዕቃዎችን እየደጋገመ ይፈጥራል፣ ያጠፋል። ስለዚህ ለየዓይነቱ የራሱ መደብ ይኑረው፤ የተመለሰውም ዕቃ እንደተዘጋጀ ይቆይ አለ። ሊኑክስም ሐሳቡን ወሰደ። ስላብቶፕ የሚለውን ትእዛዝ አስነሱ፤ ማሽናችሁ ላይ አሁን ስንት መደብ እንዳለ ይዘረዝርላችኋል። ፓይተንም ከ512 ባይት ላልበለጠ ዕቃ የራሱ መደቦች አሉት፤ በቀጥታ ማሎክ ጋ አይሄድም።

የጂሊብሲው ማሎክ ደግሞ ዳግ ሊ የሚባል ሰው በ1987 ከጀመረው የተወለደ ነው። ቮልፍራም ግሎገር ለብዙ ስሬድ አመቻቸው።

ሁልጊዜ የራሴን ብጽፍ አይሻልም?

ከእጅ አይሻል ዶማ እንዳይሆንባችሁ። በ2002 ኤመሪ በርገር፣ ቤንጃሚን ዞርንና ካትሪን ማኪንሊ የራሳቸው የሜሞሪ አሠራር ያላቸውን 8 ፕሮግራሞች ወስደው ሞከሩ። በ6ቱ ላይ የዳግ ሊ ተራ ማሎክ እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ብልጫ ያሳዩት አሬናን የሚመስሉት ናቸው፤ እነሱም አንዳንዴ ሜሞሪ ያባክናሉ።

ኮዳችሁን ሳትነኩ ሌላ ማሎክ መሞከርም ይቻላል። ጄማሎክ፣ የጉግሉ ቲሲማሎክ፣ በ2019 የወጣው የማይክሮሶፍቱ ሚማሎክ አሉ። ፕሮግራሙን ስታስነሱ ኤልዲ ፕሪሎድ በሚባለው የሊኑክስ ቅንብር መጥራት ይበቃል። በየዕቃው ፊት መጠን አይጽፉም፤ መጠኑን የሚያውቁት ዕቃው ካለበት ቦታ ነው። ያቺ 13 ባይት ቃላችን ጄማሎክ ላይ 16 ብቻ ነው የምትይዘው። የአንድ ደቂቃ ሙከራ ነው። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ አበቃ እላለሁ።

ብዙ ስሬድ ካለኝስ?

ለእያንዳንዱ ስሬድ የራሱ አሬና ስጡት። አንድ ፑል ለሁሉም ብታደርጉ ቁልፍ ያስፈልገዋል። በቁልፍ ወረፋ ከያዛችሁ ደግሞ ቁልፍ አልባው ቲካሽ ይቀድማችኋል።

ከ32 በታች መውረድ ይቻላል?

"ወልዲያ"ን ረስቻት አይደለም። አሁንም 8 ባይት የሚበላ የቀጣዩ ፖይንተር አለ። ሁሉም ዕቃ አንድ ተያያዥ ቦታ ውስጥ ከሆነ ሙሉ አድራሻ አያስፈልግም፤ "ከመጀመሪያው ስንተኛ ነው" የሚል 4 ባይት ቁጥር ይበቃል። በ4 ባይት እርምጃ ከተቆጠረ እስከ 16 ጊጋ ባይት ያደርሳል። ከእኛ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ያን ያህል ሜሞሪም የላቸው።

ለዚህ ብዙ ጆንያ ሳይሆን አንድ ትልቅ ያስፈልጋል። ሲሞላ ሪያሎክ በሚባለው ጥሪ ታሳድጉታላችሁ። ቦታው ቢዛወርም ቁጥሮቹ አይበላሹም፤ ፖይንተር ቢሆኑ ኖሮ ሁሉም ይበላሹ ነበር። ግን ተጠንቀቁ፦ ከማደጉ በፊት የያዛችሁት ፖይንተር ካለ እሱ ሞቷል። ሙሉውን ቦታ እንዳለ ወደ ፋይል መጻፍና ነገ እንዳለ መልሶ ማንበብም ይቻላል።

ቀጣዩ 4፣ ቁጥሩ 4፣ ቃሉ 13። 21። ወደ 4 ብዜት ሲያድግ 24። "ወልዲያ" በ64 ባይት ነበር የተነሣችው።